ከአማካዩ በስተጀርባ፦ የአቃቂ ቃሊቲ ፈላሲ ነዋሪዎች ስብጥርና የጤና ፍላጎት

የማንኛውም አካባቢ የጤና ዕቅድ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው፤ በአካባቢው ስንት ሰው ይኖራል? የክትባት ግብ፣ የመድኃኒት ግዥ፣ የአዋላጅ ነርሶች ምደባና የጤና መድን ምዝገባ ሁሉ የሚሰሉት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ ተመሥርተው ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ግን ይህ መልስ በቀላሉ አይገኝም። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧንና ቤቶቿን የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነበር። በየአሥር ዓመቱ መካሄድ ያለበት ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የእርሻ ማሳ የነበረው ኮረብታ የጋራ መኖሪያ ቤት መንደር ሆኗል፤ ባዶ ሜዳ የነበረው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሆኗል፤ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የመጡ ሰዎችም ሰፍረውበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አዲስ ነዋሪ በሁለት አቅጣጫ ማየት ነው። በመጀመሪያ በአንድ የወል ስም የሚጠራው «ፈላሲ» በውስጡ ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ ያብራራል። ቀጥሎም ይህ ልዩነት ለሕመም ተጋላጭነትና አገልግሎት ለማግኘት ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ የከተማው የጤና አማካይ አኃዝ ጥሩ በሆነበት ቦታ እንኳ፣ በአማካዩ ያልተቆጠረ ወይም በአማካዩ የተዋጠ ወገን ሊኖር ይችላል፤ ይህን ወገን ለማግኘትም «ከየት መጣ?»፣ «በምን ቋንቋ ይናገራል?» እና «ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአካባቢው አፈጣጠር

አቃቂ ቀድሞ ራሷን የቻለች አነስተኛ ከተማ ነበረች። የኢትዮ ፈረንሳይ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን አቋርጦ ነበር። ከጊዜ በኋላም የባቡሩ መሥመርና የወንዙ ውኃ ፋብሪካዎችን ወደ አካባቢው ስበዋል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቃጫ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎች የቃሊቲንና የአቃቂን ስም ከሠራተኛው መደብ ጋር አቆራኝተውታል። የመጀመሪያው ትውልድ የፋብሪካ ሠራተኛ ራሱ ከገጠር የመጣ ነበር፤ ስለዚህ ፍልሰት ለአቃቂ እንግዳ ነገር አይደለም።

አዲሱ ነገር የፍልሰቱ መጠንና ዓይነት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አቅጣጫ ሰፋፊ መንደሮችን ፈጥሯል። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻው ቱሉ ዲምቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መሥመር መዳረሻውን ቃሊቲ አድርጓል። ከደቡብ የሚመጡ አውቶቡሶች መንገደኞቻቸውን የሚያራግፉትም በቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት የተነሡ ነዋሪዎች በገላን ጉራ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ፣ የመሐል ከተማው ሰው ወደ ዳር፣ ከተማው ራሱ ደግሞ ወደ ገበሬው ማሳ የሚፈልስበት የሦስትዮሽ እንቅስቃሴ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እየተካሄደ ነው ለማለት ይቻላል።

አንድ ስም፣ ብዙ ሰው

በዕለት ተዕለት ንግግር «መጤ» የሚለው ቃል የንቀት ቃና አለው፤ በስታቲስቲክስ ቋንቋ «ፈላሲ» የሚለው ደግሞ ከትውልድ ቦታው ውጭ የሚኖርን ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት ይጠቀልላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ከከተማዋ ውጭ የተወለደ ነበር። ስለዚህ «ፈላሲ» መሆን ብቻውን ስለ አንድ ሰው ጤና የሚነግረን ጥቂት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ቢያንስ አራት ወገኖችን ለይቶ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ወገን ፈላሲ ሳይሆን ፍልሰት በላዩ ላይ የመጣበት የአካባቢው ገበሬ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ የመሬቱን የቀድሞ ባለቤቶች ይመሰክራል። ይህ ገበሬ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የከተማ ነዋሪ ሆኗል። ጤፍና ሽምብራ ያመርትበት የነበረው መሬት በካሳ ገንዘብ ተለውጧል፤ ከጓሮው ያገኘው የነበረውን ወተትና እህል አሁን ከሱቅ ይገዛል። የሥራው ባሕርይ፣ አመጋገቡና የጎረቤቱ ቋንቋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተቀይረውበታል።

ሁለተኛው ወገን ከመሐል ከተማ በመልሶ ማልማት ወይም በቤት ዕጣ የመጣው ነው። ይህ ሰው የከተማ ሕግና አሠራር ያውቃል፤ መታወቂያም አለው። ችግሩ ለዓመታት ይከታተልበት ከነበረው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፣ በችግሩ ጊዜ ይደርስለት ከነበረው ጎረቤትና ከአሮጌ እድሩ መራቁ ነው። በዕድሜ የገፋ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ከሆነ ይህ ርቀት በመድኃኒቱ ክትትል ላይ ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛው ወገን በግንባታ፣ በድንጋይ ካባ፣ በጭነትና በጥበቃ ሥራ የተሰማራው ወጣት ወንድ ነው። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከአርሲ ሊመጣ ይችላል። ከአገሩ ልጆች ጋር በደባልነት ይኖራል፤ ለመኸር ወይም ለመስቀል ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል። የግንባታው ሥራ ሲያልቅ ሰፈሩን ይለውጣል።

አራተኛው ወገን በፋብሪካና በሰው ቤት የምትሠራው ወጣት ሴት ናት። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ከጓደኞቿ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይታ በፈረቃ ትሠራለች። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ በአሠሪዋ ቤት ትኖራለች፤ በቤተ ሰብ መዝገብ ላይ ግን የቤተ ሰቡ አባል አይደለችም።

እነዚህን አራት ወገኖች በአንድ ቃል መጥራት ችግሩን ማስተካከል ሳይሆን መሸፈን ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ወገን ውስጥ እንኳ ተጨማሪ መሸፈኛ አለ። የጤና ተቋማት መዝገብ የሕመምተኛውን መነሻ ሲጽፍ «ደቡብ» በማለት የሚያልፍበት ልማድ ይታያል። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከሃምሳ በላይ ቋንቋና ብሔረሰብ የያዘ ነበር፤ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ደግሞ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ወደሚባሉ ክልሎች ተከፋፍሏል። አስተዳደሩ የተወውን ጥቅል ስም የሕክምና ካርዱ ሊይዘው አይገባም፤ የደጋው የጋሞ ተራራና የቆላው የኦሞ ሸለቆ በሽታዎች አንድ አይደሉምና።

አማካዩ የሚሰውረው

አዲስ አበባ በአገር አቀፍ የጤና ጥናቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ደረጃ ትይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአዲስ አበባ ወላጆች 97 ከመቶ የሚሆኑት በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ የአገሪቱ አማካይ ግን 26 ከመቶ ነበር። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ የከተማዋም ስኬት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥናት የሚካሄደው ቤት ለቤት በተመዘገቡ ቤተ ሰቦች ናሙና ነው። በግንባታ ቦታ በተሠራ ቆርቆሮ ቤት የሚያድር ሠራተኛ፣ በየሁለት ወሩ ክፍል የሚቀይር ተከራይና በአሠሪዋ ቤት የምትኖር ልጅ በናሙናው ውስጥ የመግባት ዕድላቸው አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው የስውርነት ምንጭ የሽፋን ስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ ውስጥ በትንበያ መሠረት መከተብ ያለባቸው ሕፃናት 1,000 ናቸው እንበል። በእውነት የሚኖሩት ግን 1,400 ቢሆኑና 1,100 ሕፃናት ቢከተቡ፣ ሪፖርቱ 110 ከመቶ ሽፋን ያሳያል። እውነተኛው ሽፋን ግን 79 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 300 ሕፃናት ሳይከተቡ ቀርተዋል። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ብዙ ጊዜ የትጋት ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። በእርግጥ ግን አካፋዩ እንደተሳሳተ የሚናገር ምልክት ነው። ኩፍኝን የመሰለ በፍጥነት የሚተላለፍ በሽታ ደግሞ የሚፈልገው እነዚያኑ 300 ሕፃናት ነው።

ሦስተኛው ምንጭ «ጤነኛው ፈላሲ» በመባል የሚታወቀው ክስተት ነው። ከአገሩ ለሥራ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ወጣትና ጉልበተኛ ነው፤ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ደግሞ ወደ አገሩ የመመለስ ዝንባሌ አለው። በዚህ ምክንያት በከተማው መዝገብ ፈላሲው ጤነኛ ሆኖ ይታያል። በፋብሪካው የጀመረው የሳንባ ሕመም የሚመዘገበው፣ ከተመዘገበም፣ በትውልድ ወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። በሽታው በአንድ ቦታ ተፈጥሮ ወጪው በሌላ ቦታ ይከፈላል ማለት ነው።

ከአገር የመጣ ሕመምና በሥራ ቦታ የተገኘ ሕመም

ከመነሻ ቦታ ጋር ከተያያዙት ሕመሞች አንዱ ዝሆኔ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዛት የሚታየው የዝሆኔ ዓይነት በትል የሚመጣ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚከሰት ነው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚያጠቃ ተገምቷል፤ ወላይታ በሰፊው ከተጠናባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ነው። በሽታው በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ ሊገታ ይችላል፤ ተላላፊም አይደለም። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ የበሽታውን መነሻ ምልክት፣ ማለትም የእግር ጣት ማሳከክና የሚመላለስ እብጠት፣ እንደ ተራ የቆዳ ችግር ሊያልፈው ይችላል። ሕመምተኛውም በአገሩ የሚያውቀውን መገለል በመፍራት እግሩን ሸፍኖ ይኖራል። ለቀን ሠራተኛ እግር ማለት እንጀራ ማለት ስለሆነ የዘገየ ምርመራ የሥራ ማጣት መነሻ ነው።

ወባም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ባላት ከፍታ ምክንያት ከወባ ነጻ ተደርጋ ትታያለች፤ በተለምዶ የወባ ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 2,000 ሜትር ነው። አዱኛ ወየሳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ግን በአቃቂ ከተማና በአካባቢዋ ወባ በዚያው እንደሚተላለፍ አሳይተዋል። ይህ ግኝት ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ከቆላ ተመልሶ በትኩሳት የሚመጣን ሠራተኛ «በከተማ ወባ የለም» ብሎ ያለ ደም ምርመራ መመለስ አደገኛ እንደሆነ ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ሰው ከወባማ አካባቢ ጥገኛ ተሕዋስያኑን ይዞ ሲመጣ፣ አስተላላፊ ትንኝ ባለበት የወንዝ ዳርቻ ሰንሰለቱ ሊቀጥል እንደሚችል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችውና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋቷ ጉዳዩን የበለጠ አሳሳቢ አድርጎታል።

ሌሎች ሕመሞች ደግሞ የሚገኙት በሥራ ቦታ ነው። የጥጥ ብናኝ ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ቢሲኖሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ያስከትላል፤ ልዩ ምልክቱ ከዕረፍት ቀን በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚሰማ የደረት መጨናነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 595 ኢትዮጵያውያን የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል በጥጥ ማፍታቻው ክፍል ከሚሠሩት 43.2 ከመቶ፣ በመዳመጫው ክፍል ከሚሠሩት 37.5 ከመቶ በሽታው ታይቶባቸዋል። በሌሎች ክፍሎች ከ4 እስከ 24 ከመቶ ነበር። እዚህም ላይ «የፋብሪካ ሠራተኛ» የሚለው ጥቅል ስም ልዩነቱን ይሰውራል፤ ወሳኙ በየትኛው ክፍል መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ብናኝ ወደ በዛበት ክፍል የሚገባው አማራጭ የሌለው አዲስ ተቀጣሪ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ በሁለቱ መካከል ይገኛል። መስኮት አልባ በሆነ ክፍል ብዙ ሰው በደባልነት ሲያድር በሽታው በቀላሉ ይተላለፋል። ሕክምናው ከክፍያ ነጻ ነው፤ ግን ስድስት ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአራት መድኃኒቶች፣ ቀጣዮቹ አራት ወራት በሁለት መድኃኒቶች የሚሰጡ ናቸው። ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሳሉ ሲተወው፣ ጉልበቱ ሲመለስና ሥራ ሲጠራው ወደ ሌላ ከተማ የመሄድ ግፊት ይሰማዋል። በዝውውር ወረቀት ካልተሸኘ ከመዝገብ ይጠፋል፤ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊይዘው ይችላል።

የወንዙ ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በመንገዳቸውም አትክልት ያጠጣሉ። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ስላለው የብረት ንጥረ ነገር ክምችት አስጠንቅቀው ነበር። ከወንዙ ዳር የሚኖረው፣ አትክልቱን የሚያመርተውና በርካሽ የሚገዛው በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የአገልግሎቱ በርና ሦስቱ መዝጊያዎች

በአካባቢው የአገልግሎት ተቋም የለም ማለት አይቻልም። ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በአትሌት ጥሩነሽ ዲባባና በቤጂንግ ስም የተሰየመው ሆስፒታልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን አሠልጥኖ ቤት ለቤት ልኳል። ዋናው ጥያቄ ተቋም መኖሩ ሳይሆን ፈላሲው በየትኛው በር ይገባል የሚለው ነው። ሦስት መዝጊያዎችን ለይቶ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው መታወቂያ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ መኖሪያ መሸኛ ማምጣት፣ እንዲሁም በአዲሱ ቦታ የመኖሪያ አድራሻ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ያለ ውል በደባልነት የሚኖር ሰው አከራዩ ካላስመዘገበው ነዋሪነቱን ማረጋገጥ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ ማንነትን ያረጋግጣል፤ ነዋሪነትን ግን አያረጋግጥም። አንድ ሰው ማን እንደሆነ በማያጠራጥር ሁኔታ ታውቆ፣ የየት እንደሆነ ግን ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የጤና መድን ነው። የአገሪቱ ሥርዓት በሁለት እግር እንዲቆም የታሰበ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን መደበኛ ተቀጣሪዎችን፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ ገበሬውንና መደበኛ ያልሆነውን ሠራተኛ እንዲያቅፍ ነው። የመጀመሪያው እግር ለረጅም ዓመታት ሳይተገበር ቆየ፤ ሁለተኛው ግን ተስፋፍቶ አዲስ አበባ ደረሰ። የፋብሪካ ሠራተኛዋ በዚህ ክፍተት ውስጥ ትወድቃለች፦ መደበኛ ተቀጣሪ ስለሆነች ለማኅበረሰብ አቀፉ መድን የታሰበች አይደለችም፤ የተቀጣሪዎቹ መድን ደግሞ አልደረሰላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን ሕክምና በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ተራ ሕመሟ ግን ከደመወዟ የሚከፈል ነው። የቀን ሠራተኛው በበኩሉ በሌላ ክፍተት ውስጥ ነው። መድኑ የሚመዘገበው በቤተ ሰብ ስለሆነ፣ ምናልባት በትውልድ ቀዬው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይሆናል፤ ካርዱ ግን በቅብብሎሽ ሕግ ከዚያው ወረዳ ጤና ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። መዋጮው እዚያ ተከፍሎ ሕመሙ እዚህ ይመጣል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 71 ከመቶ ገደማ አማርኛን አፍ መፍቻ ቋንቋው አድርጎ አስመዝግቧል፤ ኦሮምኛ 10.7 ከመቶ፣ ጉራግኛ 8.4 ከመቶ ያህል ነበሩ። እንዲህ ያለው አኃዝ አማርኛ ሁሉን ያግባባል የሚል መደምደሚያ ላይ ያደርሳል። ለገበያና ለትራንስፖርት የሚበቃ አማርኛ ግን ለሕመም ላይበቃ ይችላል። ሕመም በየቋንቋው የራሱ ሥነ ጽሑፋዊ ካርታ አለው፤ አማርኛ ተናጋሪው «ምች መታኝ» ሲል ወይም «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ሲል ቃሉ ከአካሉ ክፍል በላይ ይናገራል። ወላይትኛ ወይም ጋምኛ ተናጋሪው ግን የራሱን አገላለጽ በሁለተኛ ቋንቋው ፈልጎ ማግኘት አለበት። ሳያገኘው ሲቀር «ያመኛል» ብቻ ብሎ ያቆማል፤ ባለሙያውም «ግልጽ ያልሆነ ሕመም» ብሎ ይጽፋል።

የቤት ለቤት ጉብኝቱም ከዚህ አያመልጥም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሥራ ሰዓት ስትመጣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፤ የፈረቃ ሠራተኛዋ ተኝታለች። በሩን የምትከፍተው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን ስለ ቤተ ሰቡ እንጂ ስለ እርሷ አይደለም።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ተነሥቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ራሳቸውን ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ብለው ያስመዘገቡ ሰዎች 62.1 ሚሊዮን ነበሩ። ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ በሥጋ ማቀነባበሪያና በእርሻ ሥራ ምክንያት እንደ አይዋና ነብራስካ ባሉ ግዛቶች የሚገኙ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣ የላቲኖ ማኅበረሰቦችን ተቀብለዋል። የጤና ተቋማቱ መጀመሪያ የወሰዱት እርምጃ የስፓኒሽ አስተርጓሚ መቅጠር ነበር። ቆይቶ ግን ከደቡብ ሜክሲኮ የመጡ የሚክስቴክና የዛፖቴክ፣ ከጓቲማላ የመጡ የማያ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ለስፓኒሽም እንግዳ እንደሆኑ ተስተዋለ። አንድ የወል ስም አንድ ቋንቋ፣ አንድ በሽታና አንድ ፍላጎት ማለት እንዳልሆነ ታየ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው የፈላሲ ጤና ሕግ ከማሳ ማሳ ለሚዘዋወሩ የእርሻ ሠራተኞች ክሊኒኮች የፌዴራል ገንዘብ መድባለች። ከማኅበረሰቡ ከራሱ የተመረጡ የጤና መልእክተኞችን ማሠልጠንም የተለመደ ሆኗል።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። እዚያ የዜግነትና የስደት ሕግ ትልቁ መሰናክል ነው። የአቃቂው ፈላሲ ግን በገዛ አገሩ ዜጋ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 በመረጠው ቦታ የመኖር ነጻነትን፣ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና አገልግሎት ሀብት የመመደብ ግዴታን ይደነግጋሉ። ስለዚህ እዚህ ያለው መሰናክል የመብት አለመኖር ሳይሆን የአሠራር አለመገጣጠም ነው፤ ይህም ለማስተካከል የቀለለ መሆን ነበረበት።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ አራት የአሠራር ሐሳቦች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው በካርድ ክፍል የሚጠየቁ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ማከል ነው፦ የትውልድ ወረዳ፣ ስለ ሕመም ለመናገር የሚመርጡት ቋንቋና የሥራ ዓይነት። ብሔር መጠየቅ አያስፈልግም፤ በአገራችን ሁኔታ ብሔርን መመዝገብ ፍርሃት ይፈጥራል፤ ለሕክምናም ከትውልድ ወረዳ ያነሰ መረጃ ይሰጣል። ዝሆኔን የሚያስከትለው አፈሩ እንጂ ብሔሩ አይደለም።

ሁለተኛው የመድን ምዝገባን ከመኖሪያ ብቻ ሳይሆን ከሥራ ቦታም ጋር ማያያዝ፣ እንዲሁም በትውልድ ቀዬ የተከፈለ መዋጮ በሥራ ቦታ እንዲያገለግል በወረዳዎች መካከል የሒሳብ ማወራረጃ መዘርጋት ነው። የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ቴክኒካዊ መሠረት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የፈላሲውን የራሱን ማኅበራዊ መዋቅር መጠቀም ነው። የአገር ልጆች ማኅበር፣ እቁብና እድር በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ አዲስ መጪውን ከከተማው ጋር ያስተዋወቁ ተቋማት ናቸው። እድር በአመዛኙ የሚደርሰው ለሞት እንጂ ለሕመም አይደለም። ሆኖም አባላቱ በየወሩ የሚሰበሰቡበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነጋገሩበትና የሚተማመኑበት ቦታ ነው። የነቀርሳ ምርመራና የመድን ምዝገባ በዕረፍት ቀን በዚያ ቢካሄድ በሥራ ቀን ከሚደረግ የቤት ለቤት ጉብኝት የበለጠ ሰው ያገኛል።

አራተኛው ለተመራማሪዎች የሚቀርብ ነው። ቆጠራ እስኪካሄድ መጠበቅ አያስፈልግም። የሳተላይት ምስል፣ የውኃና የመብራት ደንበኞች መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና በተመረጡ ቀጣናዎች የሚደረግ ቆጠራ ተጣምረው የአካፋዩን ስሕተት ሊያጠብቡ ይችላሉ። የናሙና አወሳሰዱም ከቤት በተጨማሪ የግንባታ ቦታን፣ የፋብሪካ በርንና መናኸሪያን ማካተት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ጥናት ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አቅም በላይ አይደለም፤ ቃሊቲና ቂሊንጦም ከመዲናዋ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ጉዞ ርቀት ላይ ናቸው።

የጤና ሥርዓት ጥንካሬ የሚለካው መዝገቡን በሚያውቁትና መዝገቡ በሚያውቃቸው ሰዎች ጤና ብቻ አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ የሚቆሙትን ፎቆች የሚያቆመው፣ የሚለበሰውን የሚፈትለውና የሰው ልጅ የሚያሳድገው እጅ በአመዛኙ የፈላሲው ነው። ከአማካዩ በስተጀርባ ያለውን ይህን ሰው በትውልድ ቦታው፣ በቋንቋውና በሥራው ለይቶ ማወቅ ለእርሱ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ያልተከተበው ሕፃን፣ ያልተጠናቀቀው የነቀርሳ መድኃኒትና ያልተመረመረው ትኩሳት የሚያስከትሉት አደጋ በነዋሪነት መታወቂያ ወሰን የሚቆም አይደለምና።